ከእግር የማይሻል ሳይክል

ወንድሜ ሳይክሉን ሲገዛ «ግዛው» ያልኩት እኔ ነኝ። ለእቁቡ ዋስ ሆኜ የፈረምኩትም እኔው ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ንዴት ግማሹ በራሴ ላይ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሌላ ባለቤት አለው፤ ስሙን ባልጠራም ድርሻውን እሰጠዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ዴሊቨሪ መሥራት ፈለገ። ሞተር እንዳይገዛ፣ ከተማዋ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ከጣለች ወዲህ ፈቃዱም ዋጋውም ከእሱ አቅም በላይ ነው። ተራ ሳይክል ደግሞ አይሆንም አልን። ከቦሌ ምሳ ተቀብሎ ስድስት ኪሎ እስኪደርስ ወጡም ይቀዘቅዛል፣ ልጁም ያልቃል። በዚህ መሀል ስልካችን ላይ አንድ ቪዲዮ እየደጋገመ ይመጣ ጀመር። አንድ ወጣት በአዲሱ የብስክሌት መንገድ ላይ አንድ እጁን ለቆ ይከንፋል። ከሥሩ «አንዴ ቻርጅ፣ 60 ኪሎ ሜትር! ነዳጅ የለ፣ ሰልፍ የለ!» ይላል። ዋጋው 68 ሺህ ብር። ሻል ያሉት ከዚያ እጥፍ በላይ ነበሩ።

ልጁ የ48 ሰው እቁብ ውስጥ ነበር፤ በሳምንት 1500 ብር። አምስተኛው ዕጣ ለእሱ ወጣ። ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። ፈረምኩ። 72 ሺህ ብር ተቀበለ፣ 68ቱን ለሳይክሉ ከፈለ፣ በቀረችው ሄልሜትና ቁልፍ ገዛ። እማዬ ጸበል ረጨችበት።

በስምንተኛው ወር ሳይክሉ ሞተ። እቁቡ ገና ዘጠኝ ሳምንት ይቀረው ነበር።

ዘጠኝ እሁድ፣ ግድግዳ ተደግፎ ለቆመ ብረት 1500 ብር እየቆጠርን ከፈልን። ይህን ያስጻፈኝ እሱ ነው። የምለውም አንድ ነገር ነው፤ በጣም ርካሽ ኤሌክትሪክ ሳይክል ርካሽ ዕቃ አይደለም፣ ብድር ነው። ዋጋው አልቀነሰም፣ የሚከፈልበት ቀን ነው የተገፋው። ወለዱን የሚሰበስቡት ደግሞ ዳገቱ፣ ባትሪውና ፍሬኑ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ እንጀራችሁን ልትበሉበት ከሆነ፣ አትግዙት።

ከ«60 ኪሎ ሜትር» እንጀምር። ውሸት አይደለም እኮ! ቢሆንማ ጥሩ ነበር፣ ውሸትን ማጋለጥ ይቻላል። ቀላል ሰው፣ ደልዳላ ሜዳ ላይ፣ በአዲስ ባትሪ፣ በቀስታ ቢነዳው ምናልባት እዚያ አካባቢ ይደርስ ይሆናል። ችግሩ እኛ የምንኖረው ሜዳ ላይ አለመሆናችን ነው። አቃቂና እንጦጦ አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው የከፍታ ልዩነት ግን ወደ 1000 ሜትር ይጠጋል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው፣ ከባድ አይደለም። የወንድሜ ሳይክል የሚሄደው በአራት የእርሳስ ባትሪ ነበር። እያንዳንዱ 12 ቮልት፣ 12 አምፒር ሰዓት። ሲቀጣጠሉ 48 ቮልት ይሆናሉ፤ 48 በ12 ስናባዛ 576 ዋት ሰዓት። ይህ ወረቀት ላይ ነው። የእርሳስ ባትሪ በኃይል ሲስቡት ያለውን ሁሉ አይሰጥም፤ እስከ ጥግ ካሟጠጡት ደግሞ ዕድሜው ያጥራል። በተግባር እጃችሁ የሚገባው ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ 300፣ ቢበዛ 350 ዋት ሰዓት በሉት።

አሁን ዳገቱን እንውጣ። ወንድሜ፣ ሳይክሉና የዕቃ ሳጥኑ ተደምረው 120 ኪሎ ናቸው። ይህን 100 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት 33 ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ግዝፈት በስበት በከፍታ፣ የትምህርት ቤት ፊዚክስ ነው። ርካሽ ሞተር ግን ዳገት ላይ እያቃሰተ ሲሄድ ከሚወስደው ኃይል ግማሽ ያህሉን ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል፤ ስለዚህ በ60 ቁጠሩት። በቀን አምስት ጊዜ 100 ሜትር ከወጣችሁ 300ው አለቀ። ሜዳ ለሜዳ የሄዳችሁት ገና አልተቆጠረም። የትራፊክ መብራት ላይ ቆማችሁ የተነሳችሁት አልተቆጠረም። የደንበኛው ስልክ ጥሪ አይቀበልም ብሎ የዞራችሁት ዙር አልተቆጠረም።

ሞተሩስ? ላዩ ላይ 350 ዋት ይላል። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚነሳ ዳገት ላይ 120 ኪሎ ይዞ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ለመውጣቱ ብቻ 390 ዋት ገደማ ይጠይቃል። ማለትም ሞተሩ ገና በቀስታ ሲሄድ ከአቅሙ በላይ ነው። የእኛን ከተማ ዳገት የሚያውቅ ሰው 8 ሜትር ብዙ እንዳልሆነም ያውቃል። ሳይክሉን መጨረሻ ላይ ወደ ሰፈራችን ሳይክል ሠሪ ወሰድነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው፤ እኛ ልጆች ሆነን ሳይክል በሰዓት የሚያከራዩን እሳቸው ነበሩ። ሞተሩን ፈቱና አሸተቱት። «ሽቦው ተጠብሷል ልጄ» አሉት። «ይሄ የተሠራው ለእኛ አገር አይደለም።» ገንዘብም አልተቀበሉን።

ጋሼ ያሉት ግማሽ እውነት ነው። የተሠራው ለእኛ አገር አይደለም፤ የተሸጠው ግን እዚህ መሆኑ ታውቆ ነው።

ባትሪው ላይ ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነው። ኤሌክትሪክ ሳይክል ማለት ሁለት ጎማ የተገጠመለት ባትሪ ነው። ፍሬሙ፣ ካቴናው፣ መቀመጫው ጌጥ ነው። አምራች ዋጋ ማውረድ ሲፈልግ ቢላውን የሚያነሳው ባትሪው ላይ ነው። ለ48 ቮልት 12 አምፒር የሊቲየም ባትሪ ቢሆን 4 ኪሎ ባልሞላ ነበር፤ የእርሳሱ ግን አራቱ 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ያንን 16 ኪሎ በየዳገቱ የሚጎትተው ራሱ ባትሪው ነው። ጉልበቱ የሚያልቀው ራሱን ሲሸከም ነው።

ዕድሜውስ? እንዲህ ያለ የእርሳስ ባትሪ በየቀኑ እየተሟጠጠ 300 ጊዜ ያህል ቻርጅ ከተደረገ ብዙም አይቀረውም። ለመዝናኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚነዳው ሰው 300 ረጅም ነው። ዴሊቨሪ የሚሠራ ልጅ ግን ጠዋት ሞልቶ ይወጣል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ካገኘበት ይሰካል። በቀን አንድ ጊዜ ተኩል፣ በወር 25 ቀን፣ ስምንት ወር። ደምሩት፣ 300። ወንድሜ ዕድለ ቢስ አልነበረም። ሳይክሉ የሞተው በቀጠሮው ነው።

እንዲያውም ሞቱ የጀመረው ከመገዛቱ በፊት ነው። የእርሳስ ባትሪ ሳይሞላ ከተቀመጠ ውስጡ ሰልፌት እየጋገረ አቅሙን ያጣል። ከፋብሪካ ወጥቶ፣ መርከብ ላይ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ደርሶ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ ሱቅ ውስጥ ቆሞ እስኪገዛ ስንት ወር ያልፋል? በዚያ ሁሉ ጊዜ ማን ቻርጅ አድርጎታል? ዘይት ላይ የሚያበቃበት ቀን ይጻፋል። ብስኩት ላይ ይጻፋል። 68 ሺህ ብር የተሸጠ ዕቃ ውስጥ ያለ ባትሪ ላይ የተመረተበትን ቀን ፈልገን አጣን። ሻጩን ስንጠይቀው «አዲስ ነው ወንድሜ፣ ፌስታሉ እንኳ አልተቀደደም» አለ።

ባትሪ ለመቀየር ስንጠይቅ አራቱን 26 ሺህ ብር አሉን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 ብር እንዳለፈ ሁላችንም አይተናል። የሳይክሉ መለዋወጫ ሁሉ በዶላር የሚመጣ ነው። 26 ሺህን ለስምንት ወር ስታካፍሉት በወር 3250 ብር ይመጣል። «ነዳጅ የለም» የሚሉን ይህን ነው። ነዳጅ አለው እኮ! ነዳጁ ባትሪው ነው፤ ልዩነቱ ስምንት ወር ሙሉ በዱቤ መቅዳታችሁ ብቻ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ገንዘብ ነው። ገንዘብ ሄዶ ይመጣል። ቤት ውስጥ ስለሚሰካው ነገር ደግሞ ላንሳ።

አብዛኞቻችን ጋራዥ የለንም። ሳይክሉ የሚያድረው የምንተኛበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ውጭ ከቆመ ይሰረቃላ። ማታ ስልክ፣ ቴሌቪዥንና ምጣድ በሚጋራው ማከፋፈያ ላይ ይሰካል። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ሲመጣ ደግሞ ዘሎ ይመጣል። ርካሽ ቻርጀር ይህን የሚችልበት ምንም መከላከያ የለውም። የወንድሜ ባትሪ የእርሳስ ስለነበር ቻርጀሩ ተቃጥሎ ሸተተን እንጂ የከፋ አልደረሰብንም። አሁን ግን ርካሽ ሊቲየም እየመጣ ነው፤ ከአሮጌ ባትሪ ተፈትቶ የተገጣጠመ፣ መቆጣጠሪያ ሰርኪቱ የማይታመን። «48 ቮልት» የተባለ የእርሳስ ባትሪ ቻርጀር እስከ 59 ቮልት ድረስ ይወጣል። «48 ቮልት» የተባለ ሊቲየም ባትሪ ግን በብዛት 54.6 ላይ መቆም አለበት። ሶኬታቸው ከተመሳሰለ፣ ከጎረቤት ቻርጀር የተዋሰ ሰው በማያውቀው ነገር ቤቱን አስይዞ ተኛ ማለት ነው።

ማስፈራሪያ እንዳይመስላችሁ። ኒውዮርክ ውስጥ በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ ከሊቲየም ባትሪ በተነሳ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል። አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ሳይክሎች የሚነዷቸው እንደ ወንድሜ ምግብ አመላላሽ የሆኑ ስደተኞች ናቸው። ከተማዋ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የደኅንነት ፈተና ያላለፈ ኤሌክትሪክ ሳይክል እንዳይሸጥ ከለከለች። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቻይናዋ ናንጂንግ፣ ሰው በሚኖርበት ፎቅ ሥር ኤሌክትሪክ ሳይክሎች ከቆሙበት ቦታ እሳት ተነስቶ 15 ሰው ገደለ። ዕቃውን የሚሠሩት አገሮችና ሀብታሞቹ ከተሞች ሰው ሞቶባቸው ደንብ እያጠበቁ ነው። እነሱ ጋ በር የተዘጋበት ዕቃ የት ይሂድ? ደንብ ያልጠበቀበት ቦታ ነዋ።

ፍሬኑን ሳልነግራችሁ ልለፍ ነበር። 40 ኪሎ የሚመዝን ብረት፣ የተራ ሳይክል ፍሬን ተገጥሞለት፣ ሳጥን ተጭኖበት፣ ከፒያሳ ወደ ቸርችል ቁልቁል ሲወርድ አስቡት። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ መያዝ ያለበት ጉልበት እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ነው። ወንድሜ በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የፍሬን ሸራ ቀይሯል። አንድ ቀን ዝናብ ላይ አልያዘለትም፤ በእግሩ እየጎተተ ነው ያቆመው። ጫማው ተበላ፣ እሱ ተረፈ። ለእማዬ አልነገርናትም።

አሁን የምትሉኝን አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ተብያለሁ፣ አንዴም እኔው ራሴ ብያለሁ።

አንደኛው፣ «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ አንተ ወደ ኋላ ልትጎትተን ነው?» ነው። አይደለም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጣ መኪና እንዳይገባ መከልከሉን ሲያስታውቅ ከተደሰቱት አንዱ ነኝ። ኤሌክትሪካችን ከውኃ ነው፣ ነዳጃችን ከባሕር ማዶ በዶላር ነው። ጥሩ ኤሌክትሪክ ሳይክል ለዚህች ከተማ የተላከ ነገር ነው እላለሁ። ለዚህ ነው ርካሹ የሚያናድደኝ። ስምንት ወር ነድቶ የተቃጠለበት ልጅ «ርካሽ ሳይክል መጥፎ ነው» አይልም፤ «ኤሌክትሪክ ነገር አይረባም» ነው የሚለው። ሰፈራችን ውስጥ አሁን የሚባለው እሱ ነው። መጥፎው ዕቃ የጥሩውን ስም ይዞ ይሞታል።

ሁለተኛው ከበድ ያለ ነው። «ድሃ ምን አማራጭ አለው? ውዱን መግዛት የሚችል ሰው ርካሽ አይፈልግም ነበር። ከምንም ይሻላል።» ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ በዚሁ አፌ፣ ለወንድሜ። ደግ ንግግር ይመስላል። ውስጡ ግን ንቀት አለ፤ ለድሃ የማይሠራ ነገርም ይበቃዋል ማለት ነው። ደግሞም «ከምንም ይሻላል» ስህተት ነው። ምንም ያልገዛ ሰው 72 ሺህ ብር አለው። የገዛው ሰው ብረትና ዕዳ አለው። ኪሳራ መሸከም የሚችል ሰው በርካሽ ዕቃ ቢጫወት መብቱ ነው፤ ቢበላሽ ይስቃል፣ ሌላ ይገዛል። አንድ ዕድል ብቻ ያለው ሰው ግን ያችን አንድ ዕድል ስምንት ወር በሚቆይ ነገር ላይ ማዋል የለበትም። ለድሃ ከሁሉ ውዱ ዕቃ ሁለቴ የሚገዛው ነው።

አማራጩም ነበረ። አላየነውም እንጂ። ያገለገለ ባለ ማርሽ ሳይክል የዚያን ሩብ ባልሞላ ዋጋ ይገኝ ነበር። ቀርፋፋ ነው፣ ዳገት ላይ ያልባል፣ ግን ሲበላሽ ጋሼ ያውቁታል፤ ካላማዳሪውም ካቴናውም በየሰፈሩ አለ። ርካሹ ኤሌክትሪክ ሳይክል ባትሪው ሲያልቅ ማርሽ የለውም፤ ፔዳሉ ለይስሙላ ነው። ወንድሜ ስንት ማታ ከአራት ኪሎ እስከ ቤት 40 ኪሎ ብረት እየገፋ በእግሩ ገብቷል። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚሉት ይህን ነው፤ ይኸኛውማ ከእግርም አልተሻለ። ሁለተኛው አማራጭ ዕጣውን ሳይነኩ ተራ ሳይክል እየነዱ ጥቂት ወር ጨምሮ የተሻለውን መግዛት፣ ወይም ከጓደኛ ጋር ለሁለት ገዝቶ ጠዋትና ማታ መከፋፈል ነበር። ቸኮልን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሦስተኛው፣ «እኔ አለኝ፣ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ምንም አልሆነም» የሚለው ነው። አምናለሁ። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ የምትኖሩ፣ መንገዳችሁ ሜዳ የሆነ፣ በቀን አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር ወደ ሥራ ሄዳችሁ የምትመለሱ፣ ቀን እያያችሁት ቻርጅ የምታደርጉ ከሆነ ርካሹም ሊያገለግላችሁ ይችላል። ባሕር ዳር እኮ ኤሌክትሪክ ሳይመጣም የሳይክል ከተማ ናት። ነገር ግን የእናንተ ሜዳ ለእንጦጦ ሥር ልጅ ምስክር አይሆንም። «ለእኔ ሠራ» ከማለታችሁ በፊት መንገዳችሁንና ክብደታችሁን ጨምራችሁ ንገሩን።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላም ልግዛ የሚል ካለ ሻጩን ስለ ኪሎ ሜትር አትጠይቁት። ባትሪው እርሳስ ነው ሊቲየም? የተመረተው መቼ ነው? ቻርጀሩ የራሱ ነው? ባትሪው ሲሞት የሚተካው ዛሬ ስንት ብር ነው? ብላችሁ ጠይቁት። የባትሪውን ዋጋ ገና ስትገዙ ከሳይክሉ ዋጋ ጋር ደምሩት፤ እውነተኛው ዋጋ እሱ ነው። ከዚያ «ዳገት ላይ ልሞክረው» በሉት፤ ሱቁ ፊት ያለው አስፋልት ላይ ሳይሆን እናንተ የምትወጡት ዳገት ላይ፣ የምትሸከሙትን ይዛችሁ። እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ባለቤት አለው ያልኩትን ንዴት ደግሞ እዚህ ላውርደው። እነዚህን ሳይክሎች የሚያስመጡት ሰዎች የሚሸጡትን ያውቃሉ። ባትሪውን መርምሮ የተመረተበትን ቀን መለጠፍ፣ «በአዲስ አበባ ዳገት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር» ብሎ መጻፍ፣ መለዋወጫ አብሮ ማስመጣት አያከስራቸውም፤ ትርፋቸውን ቢቀንስ ነው። የሚቆጣጠረውም አካል ለብስክሌት መንገድ አስፋልት ከማንጠፍ ጎን ለጎን በዚያ መንገድ ላይ የሚሄደውን ባትሪ ማየት አለበት። እንዲሁም እኛ፣ ስልክ ይዘን «ይገዛል፣ አሪፍ ነው» የምንል ሁሉ፣ የማንከፍለውን እቁብ እያስጀመርን መሆኑን እንወቅ።

ወንድሜ አሁን ያገለገለ ባለ ማርሽ ሳይክል ይነዳል። እግሩ ጠንክሯል፣ ገቢው አንሷል፣ ዕዳ ግን የለበትም። የሞተው ሳይክል ግቢ ውስጥ አለ። ባለፈው ቆራሌው መጥቶ አራቱን ባትሪዎች ለእርሳሱ ብሎ በኪሎ ሊገዛን ጠየቀ። የት እንደሚያቀልጡት ስለማናውቅና እርሳስ ሕጻናት ላይ የሚያደርሰውን ስለምናውቅ እስካሁን አልሸጥንለትም። ግን ሚዛኑን አውጥቶ እያንዳንዷን መዘናት። በዚያ ሳይክል ታሪክ ውስጥ ስለ ዕቃው እውነቱን በቁጥር የነገረን የመጀመሪያው ነጋዴ እሱ ነው።